«ምናልባት» ስንት ነው?
ልጆቻችንን የመሆን ዕድልን በዕለት ኑሮ ምሳሌ ስለማስተማር



ልጆቻችን በቀን ውስጥ ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ነገ ናቸው። «ነገ ውሃ ይመጣል?»፣ «ሃቡብ ይነሣል?»፣ «ትምህርት ቤት ይከፈታል?»፣ «እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ። እኛም «ምናልባት»፣ «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ኢንሻላህ» ብለን እንመልሳለን። መልሶቻችን ስሕተት አይደሉም። ይሁን እንጂ ምናልባት ሁሉ እኩል አይደለም። «ነገ ምናልባት ፀሐይ ይበረታል» እና «ነገ ምናልባት የውጭ ጉዞ ጥሪ ይመጣልን ይሆናል» የተባሉት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ቃል ቢነገሩም፣ አንዱ የሚጠበቅ፣ ሌላው እጅግ የራቀ ነገር ነው። ልዩነቱን ያልተማረ ልጅ አንድም ሁሉን ያምናል፣ አንድም ሁሉን መፍራት ይጀምራል።

ይህን ልዩነት በቁጥር የሚለካው የሒሳብ ክፍል በትምህርት ቤት መጻሕፍት ፕሮባቢሊቲ ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የመሆን ዕድል» እንለዋለን። ትምህርቱ ለከፍተኛ ክፍል ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን እስከ መቶ መቁጠርና ክፍልፋይ መጻፍ የቻለ ልጅ ሁሉ ሊማረው ይችላል።

እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 (ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.) በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ በሶባና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ተበትነዋል። በዚያው ዓመት በሱዳን 19 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) አስታውቆ ነበር። ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ እናት፣ አባት፣ ታላቅ ወንድምና እኅት ሁሉ መምህር መሆናቸው ግድ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ስድስት ትምህርቶች ጥቁር ሰሌዳም ሆነ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም። አንድ ሳንቲም፣ ጥቂት የለስላሳ ቆርኪ፣ አንድ እፍኝ ባቄላ፣ አንድ ከረጢትና ከሰል ይበቃል። ምሳሌዎቹንም ያመጣነው ልጆቻችን በሶባ ከሚያውቁት ኑሮ ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ግማሽ ሰዓት መድቡ።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውስ። አንደኛ፣ አንዳንድ ወላጆች «ነገን የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው፤ ይህ ትምህርት ጥንቆላ አይሆንም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አይሆንም። ጠንቋይ «ነገ እንዲህ ይሆናል» ይላል። እኛ ግን «እስከ ዛሬ ከ10 ቀን በ8ቱ እንዲህ ሆኗል፤ ስለዚህ እንዘጋጅ» እንላለን። ገበሬ ደመናውን አይቶ ዘር ሲያወጣ ከፈጣሪ ጋር እንደማይጣላ ሁሉ፣ ቆጥሮ መዘጋጀትም ከእምነት ጋር አይጣላም። ሁለተኛ፣ በሳንቲሙ ጨዋታ ላይ ገንዘብም ሆነ ከረሜላ አታስይዙ። የምናስተምረው ቆጠራ ነው፤ ቁማር አይደለም።

ትምህርት 1፦ ቃላትን በገመድ ላይ መደርደር

በግቢው ውስጥ አንድ ገመድ ዘርጉ። በአንደኛው ጫፍ «ፈጽሞ አይሆንም» የሚል፣ በሌላኛው ጫፍ «ያለ ጥርጥር ይሆናል» የሚል ወረቀት አስቀምጡ። የመጀመሪያው ጫፍ 0፣ የመጨረሻው ጫፍ 1 ነው። በመካከሉ ላይ «እኩል በእኩል» ብላችሁ ½ ጻፉ። ከዚያም ለልጆቹ የሚከተሉትን አንብቡላቸውና እያንዳንዱን ነገር የት ቦታ እንደሚያቆሙት ጠይቁ።

ሀ. ከሰኞ ቀጥሎ ማክሰኞ ይሆናል።
ለ. ድመታችን ነገ ጧት አማርኛ ትናገራለች።
ሐ. ጎረቤታችን የምትወልደው ልጅ ሴት ትሆናለች።
መ. በጥር ወር ሶባ ላይ ዝናብ ይዘንባል።
ሠ. ዛሬ ከምሽቱ በፊት አንድ ሰው ቡና ያፈላል።

ሀ በ1 ላይ፣ ለ በ0 ላይ ይቆማሉ። ሐ በመካከል ገደማ ነው። መ ወደ 0 የተጠጋ፣ ሠ ወደ 1 የተጠጋ ይሆናል። ልጆቹ ካልተስማሙ እሰየው! ለምን እዚያ እንዳቆሙት እያንዳንዳቸው ያስረዱ። «ስለ መሰለኝ ነው» የሚል መልስ ሲመጣ «ስንት ጊዜ አይተሃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ትምህርት የሚቀረው ፍሬ ይህ ጥያቄ ነው።

ቀጥላችሁም «በሐምሌ ዝናብ ይዘንባል» የሚለውን ስጧቸው። ከአዲስ አበባ የመጣች አክስት ካለች እሷም ታቁመው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት ነው። ካርቱምና ሶባ ግን በተለመደው ዓመት 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አያገኙም። ስለዚህ አክስት ወረቀቱን ከ1 አጠገብ፣ ሶባ ያደገው ልጅ ደግሞ ከዚያ ራቅ አድርጎ ያቆመዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመሆን ዕድል እንደ ቦታውና እንደ ጊዜው ይለያያልና፣ በአንድ አገር የተቆጠረውን ለሌላ አገር እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

ትምህርት 2፦ ዘውድና ጎፈር

አባቶቻችን ሳንቲም ሲወረውሩ በአንድ በኩል የንጉሡ መልክ፣ በሌላው በኩል አንበሳ ስለነበረ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይሉ ነበር። ማንኛውንም ሳንቲም ወስዳችሁ አንዱን ገጽ ዘውድ፣ ሌላውን ጎፈር በሉት። ሁለቱ ገጾች እኩል የመውጣት ዕድል ስላላቸው የዘውድ ዕድል ከ2 አንድ፣ ማለትም ½ ነው።

እያንዳንዱ ልጅ 10 ጊዜ ይወርውርና ውጤቱን በከሰል መስመር እየሰመረ ይመዝግብ። አንዱ 7 ዘውድ፣ ሌላዋ 4 ዘውድ ብታገኝ አትደነቁ። ልጆቹ «ግማሽ ነው ብላችሁን የለ?» ቢሉ የሁሉንም ውጤት ደምሩ። ልጆቹ 10 ከሆኑ 100 ውርወራ ይሆናል። ድምሩ ከአንድ ልጅ ውጤት ይልቅ ወደ ግማሽ የመጠጋት ጠባይ አለው። ትንሽ ቆጠራ ያሳስታል፤ ብዙ ቆጠራ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ይህን ሕግ በሒሳብ ያረጋገጠው ያዕቆብ ቤርኑሊ የተባለ የስዊዘርላንድ ሊቅ ሲሆን፣ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1713 ነው።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። ጆን ኬሪች በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1940 የሚስቱን ዘመዶች ለመጠየቅ ዴንማርክ ሳለ የጀርመን ጦር አገሪቱን ያዘና በእስረኞች ሰፈር ውስጥ ተዘጋበት። ጦርነቱ እስኪያልፍ ከሰፈሩ መውጣት አልቻለም። መጽሐፍም መሣሪያም የሌለው መምህር ምን ያድርግ? ከአንድ የሰፈር ባልንጀራው ጋር ሆኖ አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወረወረ፤ እያንዳንዱንም መዘገበ። በመጀመሪያዎቹ 10 ውርወራዎች ዘውዱ 4 ነበር። 100 ሲሞላ 44፣ 1,000 ሲሞላ 502፣ 10,000 ሲሞላ ደግሞ 5,067 ሆነ። ከሰፈሩ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ እስከ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሳል። በሰፈር ውስጥ የተቀመጠ ሰው በአንዲት ሳንቲም ለዓለም የሚተርፍ ትምህርት ሊሠራ መቻሉን ልጆቻችን ይወቁ።

ከዚህ ትምህርት ጋር አንድ የተለመደ ስሕተትም እናርም። ሳንቲሙ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ጎፈር ቢያወጣ ብዙ ልጆች «ስድስተኛው ግድ ዘውድ ነው» ይላሉ። አይደለም። ሳንቲም አያስታውስም፤ ስድስተኛውም እንደ መጀመሪያው ½ ነው። ይህን ስሕተት የምንሠራው ልጆች ብቻ አይደለንም። በአሜሪካን አገር እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ መሠረት ለብዙ ዓመታት በተካሄደው የዲቪ ሎተሪ «ስምንት ዓመት ሞልቼ አልደረሰኝም፤ ዘንድሮ ተራዬ ነው» ብሎ ተስፋውን ያጠነከረ ስንት አዋቂ አለ! ዕጣ የአምናውን አያስታውስም፤ ተራም አይጠብቅም። ዘንድሮ ይደርሰኛል ብሎ ዕቃውን የሸጠ ሰው በሳንቲሙ ልጅ ስሕተት ተሳስቷል።

ትምህርት 3፦ ቆርኪው ግን ሌላ ነው

ልጆቹ «ሁለት ነገር ሊሆን ከቻለ እኩል በእኩል ነው» ብለው እንዳይደመድሙ ቆርኪ ስጧቸው። ቆርኪም ሲወረወር በሁለት መንገድ ብቻ ያርፋል፤ በሆዱ ወይም በጀርባው። እኩል ናቸው? ማንም ከመወርወሩ በፊት ግምቱን ይናገር። ከዚያም በጋራ 100 ጊዜ ወርውራችሁ መዝግቡ። የተቀጠቀጠና ያልተቀጠቀጠ ቆርኪም እያነጻጸራችሁ ሞክሩ፤ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ የሳንቲሙን ዕድል ቅርጹን አይተን በማሰብ አወቅነው። የቆርኪውን ግን ቆጥረን እንጂ አስበን አናውቀውም። በኑሯችን ውስጥ የሚያጋጥመን አብዛኛው ነገር እንደ ቆርኪ ነው። «ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፤ ስለዚህ ግማሽ ነው» የሚል ክርክር ሲያጋጥማችሁ ቆርኪውን አስታውሱ።

ትምህርት 4፦ የባቄላው ከረጢት

በከረጢት ውስጥ 10 የፉል ባቄላ አድርጉ። ሦስቱን አስቀድማችሁ በከሰል አጥቁሯቸው። ሳያዩ አንድ ባቄላ ቢወጣ ጥቁር የመሆን ዕድሉ 3/10፣ ነጭ የመሆን ዕድሉ 7/10 ነው። ሁለቱን ስትደምሩ 1 ይሆናል። አንድ ነገር ወይ ይሆናል ወይ አይሆንም፤ ስለዚህ የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድል ድምር ዘወትር 1 ነው።

ልጆቹ አንድ እያወጡ፣ ቀለሙን እየመዘገቡ፣ መልሰው እየከተቱና እየነቀነቁ 50 ጊዜ ይሞክሩ። ነጩ 35 አካባቢ መምጣት አለበት። 32 ወይም 38 ቢሆን ስሕተት አይደለም።

ቀጥሎ ጨዋታውን ገልብጡት። እናንተ በምሥጢር ጥቂት ነጭና ጥቂት ጥቁር፣ በድምሩ 10 ባቄላ ክተቱ። ልጆቹ ሳያዩ 50 ጊዜ አውጥተው በውስጡ ስንት ጥቁር እንዳለ ይገምቱ፤ ከዚያ ከረጢቱ ይፈታ። 5 ጊዜ ብቻ አውጥቶ የገመተ ልጅና 50 ጊዜ አውጥቶ የገመተ ልጅ ማን ይበልጥ እንደተጠጋ ይታያል። በሰፈራችን አንድ ወሬ ሲነዛ «ይህን ያለው ስንት ባቄላ አውጥቶ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ከተገኘ ትምህርቱ ሠምሯል።

ለጤናም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ልጅ ያልታከመ ውሃ ጠጥቶ ሳይታመም ሲቀር «እማዬ፣ ውሸትሽን ነው፤ ምንም አላደረገኝም» ይላል። እናትየው «ልጄ፣ አንድ ጊዜ እጅህን ከትተህ ነጭ ስላወጣህ ከረጢቱ ውስጥ ጥቁር የለም ማለት ነው?» ልትለው ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 ኮሌራ በሱዳን ብዙ ሰው የገደለበትን ጊዜ ላየ ቤተሰብ ይህ ጨዋታ አይደለም። ውሃ ማፍላት ከከረጢቱ ውስጥ ጥቁሮቹን ባቄላዎች እየለቀሙ ማውጣት ነው። አጎበር ውስጥ መተኛትም እንደዚሁ ነው።

ትምህርት 5፦ የግድግዳው ቆጠራ

አሁን ልጆቹ ኑሯቸውን ይቁጠሩ። በሶባ ብዙ ቤቶች ውሃ የሚገዙት በአህያ ጋሪ ከሚያዞረው ሰው ነበር። ለምሳሌ ጋሪው በ30 ቀን ውስጥ በ24ቱ ቀን መጣ፣ በ6ቱ ቀን ቀረ እንበል። የመምጣቱ ዕድል 24/30፣ ሲቃለል 4/5 ነው። በሚመጡት 10 ቀናት 8 ቀን ያህል ይመጣል ብለን እንጠብቃለን፤ የትኛዎቹ ሁለት ቀናት እንደሚቀር ግን አናውቅም። ስለዚህ ምን እናድርግ? አንድ ጀሪካን ዘወትር ሞልተን እናስቀምጥ። የመሆን ዕድል ትምህርት መጨረሻው ይህ ጀሪካን ነው፤ ቀኑን ለማወቅ ሳይሆን ባናውቀውም ተዘጋጅተን ለመገኘት ነው የምንቆጥረው።

በያላችሁበት ከሰል ወስዳችሁ የ30 ቀን ሰንጠረዥ በግድግዳ ላይ ሥሩ። ውሃ መጣ አልመጣም፣ መብራት በራ አልበራም፣ ሃቡብ ተነሣ አልተነሣም የሚሉትን ልጆቹ ራሳቸው በየምሽቱ ይሙሉ።

ላደጉት ልጆች ደግሞ ሁለት ነገር አንድ ላይ የሚፈለግበትን ጥያቄ ስጧቸው። ከሶባ ወደ ኦምዱርማን ለመሄድ በሁለት ሃፍላ መሳፈር ያስፈልጋል እንበል። እያንዳንዱ ሃፍላ በሰዓቱ የሚገኘው ከ5 ቀን በ4ቱ ከሆነ፣ ሁለቱም በሰዓታቸው የሚገኙት ከስንት ቀን በስንቱ ነው? 25 ባቄላ ደርድሩ፤ እያንዳንዱ አንድ ቀን ነው። የመጀመሪያው ሃፍላ በ20ው ቀን ተገኘ። ከእነዚያ 20 ቀናት ሁለተኛው የሚገኝባቸው ከ5 አራቱ፣ ማለትም 16 ናቸው። መልሱ 16/25 ነው። እያንዳንዱ መንገድ ለብቻው ሲታይ ጥሩ ቢመስልም፣ መንገዶቹ ሲቀጣጠሉ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን አንዱ ሃፍላ መቅረቱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌለው ብቻ ነው። ናፍጣ ከከተማው ጠፍቶ ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀራሉና።

ቆጠራ ደካማ ጎኖችም አሉት። ሁለቱን ብቻ እናንሣ።

አንደኛ፣ እምብዛም የማይሆን ነገር ፈጽሞ የማይሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1988 በካርቱም በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ። ከተማዋ በተለመደው ዓመት ከጥር እስከ ጥር ከምታገኘው የሚበልጥ ነው። በዚያ ጎርፍ በጭቃ ጡብ የተሠሩ ቤቶች እየፈረሱ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ መጠለያ አጣ። ካለፉት ዓመታት ቆጥሮ «እንዲህ ያለ ዝናብ በካርቱም የለም» ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ ቆጠራው አይጠቅመውም ነበር።

ሁለተኛ፣ ሁኔታው ከተለወጠ የድሮው ቆጠራ አይሠራም። ሶባ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ ያለች ናት። በክረምት በአገራችን ደጋዎች የዘነበው ዝናብ በነሐሴና በጳጉሜን እዚያ ሲደርስ ወንዙ ይሞላል። ከባድ ጎርፍ ከሚታወስባቸው ዓመታት መካከል እ.ኤ.አ. 1946፣ 1988 እና 2020 ይገኛሉ። በ2020 ካርቱም ላይ ውሃው ከ17.6 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሱዳን መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማወጅ ደርሷል። ከ1946 እስከ 1988 ድረስ 42 ዓመት፣ ከ1988 እስከ 2020 ድረስ 32 ዓመት ነው። «እንግዲህ ለሠላሳ ዓመት ጎርፍ የለም» የሚል ልጅ ቢኖር የሳንቲሙን ትምህርት አስታውሱት፤ ወንዝም ተራ አይጠብቅም። በዚያ ላይ የሕዳሴው ግድብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ተመርቋል። ግድብ ያለበት ወንዝ እንደ ድሮው አይፈስም፤ ስለዚህ ቆጠራውን እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል።

ትምህርት 6፦ የማይደውሉት

ይህኛው ትምህርት ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በላይ ለሆኑት ብቻ ነው። በመንገድ ላይ ወገን የሞተበት ልጅ ካለ አስቀድማችሁ ለብቻው አነጋግሩት፤ ካልፈለገ አታስገድዱት። ከባድ ቢሆንም ልንተወው ግን አልፈለግንም።

በሶባም ሆነ በሌላ ሰፈር የሚያድጉ ወጣቶቻችን ስለ ሊቢያና ስለ ባሕሩ መንገድ የሚሰሙት ከማን ነው? ከደረሱት ነው። «እገሌ ጣሊያን ገባ፤ እገሊትም ፎቶ ላከች» ይባላል። ወጣቱም ያወቃቸውን ሲቆጥር ሁሉም ደርሰዋል። ቆጥሯል፤ ቆጠራው ግን ጎድሎበታል።

ይህን በባቄላ እናሳይ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ከሊቢያ ተነሥተው በባሕር አውሮፓ ከደረሱት መካከል ለእያንዳንዱ 14 ደራሽ አንድ ሰው ባሕር ላይ መሞቱን አስታውቋል። በዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2017፣ ለ38 ደራሽ አንድ ነበር። እንግዲህ 14 ነጭና 1 ጥቁር ባቄላ በመሬት ላይ ደርድሩ። ጥቁሩን በእጃችሁ ሸፍኑት። «አሁን ስልክ የሚደውሉት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጮቹ ናቸው። «ምን ይላሉ?» ሁሉም «ደርሰናል» ይላሉ። ወጣቱ የሚሰማው 14 ከ14 ነው፤ ያለ ጥርጥር ይሆናል፣ ማለትም 1። ከዚያ እጃችሁን አንሡ። እውነቱ 14 ከ15 ነው፤ አስራ አምስተኛው አይደውልም።

ይህም ሙሉው አይደለም። በምድረ በዳው የቀሩት፣ በሊቢያ እስር ቤት የተያዙት፣ ከባሕር ላይ ተይዘው የተመለሱት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። ከሜዲትራኒያን ባሕር ብቻ ከ2014 ወዲህ ከ30,000 በላይ ሰዎች መሞታቸውን ወይም መጥፋታቸውን ዓለም አቀፍ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። የሃፍላውንም ስሌት አስታውሱ፦ በረሃው አንድ መንገድ፣ ሊቢያ ሌላ መንገድ፣ ባሕሩ ሦስተኛ መንገድ ነው።

አንዳንድ ወጣት «ከ15 አንድ ከሆነ ጥሩ ዕድል ነው» ሊል ይችላል። መልሳችን በሁለት ክፍል ነው። ዕድሉን ብቻ ሳይሆን የሚጠፋውንም እንመዝናለን። ከ15 ቀን አንድ ቀን ሃፍላ ቢያመልጠን በእግር እንሄዳለን። ሕይወት ግን አንድ ናት። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» የሚሉት አበው ይህን ሒሳብ ሳይጽፉት ያውቁት ነበር። ይሁንና ባሉበት መቆየትም አደጋ እንዳለው፣ በተለይ ከካርቱም ተኩስ ያመለጡ ልጆች፣ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ሂድ ወይም ቅር አይልም። የሁለቱንም ወገን ቁጠር፤ ዝም ያሉትንም ጨምረህ ቁጠር ነው የሚለው።

«እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?»

በመግቢያችን ላይ ያነሣነው የልጆች ጥያቄ ይቀረናል። በሦስተኛ አገር የመስፈር ዕድል በዓለም ደረጃ ሲታይ በአንድ ዓመት ከ100 ስደተኞች ለአንዱ እንኳ አይደርስም። ይህን ለልጅ መንገር ይከብዳል። ነገር ግን ከእውነቱ ይልቅ የሚከብደው፣ ለልጁ በየዓመቱ «ዘንድሮ እንሄዳለን» እየተባለ ትምህርቱን፣ ሙያውንና ወዳጆቹን ሳይዝ ማደጉ ነው። ጋሪው ላይመጣ ይችላልና ጀሪካኑን እንሞላለን እንዳልን፣ ጥሪው ላይመጣ ይችላልና ልጁን እናስተምር። ቢመጣም የተማረ ይሄዳል፤ ባይመጣም የተማረ ይኖራል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ አሠራር ዕጣ አይደለም። ባቄላ ከከረጢት እንደማውጣት ሳይሆን የእያንዳንዱ ሰው የጥበቃ ችግር እየታየ የሚወሰን ነው፤ አገልግሎቱም በነፃ ነው። «ብር ከሰጣችሁኝ ዕድላችሁን ከፍ አደርጋለሁ» የሚል ሰው ዕድል ሳይሆን ውሸት እየሸጠ ነው።

መልመጃ

1. ሳንቲም አራት ጊዜ ተወርውሮ አራቱንም ጎፈር አወጣ። አምስተኛው ዘውድ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?
2. በከረጢት ውስጥ 20 ባቄላ አለ፤ 5ቱ ጥቁር ናቸው። ነጭ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?
3. ሁለት ሳንቲም አብረው ተወረወሩ። ሁለቱም ዘውድ የመሆን ዕድላቸው ስንት ነው?
4. ገበጣ የዕድል ጨዋታ ነው ወይስ አይደለም? ምክንያታችሁን አስረዱ።
5. አንድ ልጅ «ሦስት ሌሊት ያለ አጎበር ተኝቼ ወባ አልያዘኝም፤ ስለዚህ አጎበር ጥቅም የለውም» አለ። ምን ትሉታላችሁ?
6. አንድ ደላላ «የደወሉልኝ አሥር ሰዎች አሥሩም ደርሰዋል» አለ። ምን ትጠይቁታላችሁ?

መልስ

1. ½። ሳንቲም አያስታውስም።
2. 15/20፣ ሲቃለል 3/4።
3. 1/4። ሊሆኑ የሚችሉት አራት ናቸው፦ ዘውድና ዘውድ፣ ዘውድና ጎፈር፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። «ሦስት ናቸው» ያለ ልጅ ሁለቱን ሳንቲሞች አንዱን በከሰል ምልክት አድርጎ 40 ጊዜ ይሞክር፤ ራሱ ያገኘዋል።
4. አይደለም። በገበጣ የሚወሰነው በተጫዋቹ ስሌት ነው፤ የሚወረወር ወይም የሚወጣ ዕጣ የለውም።
5. ሦስት ጊዜ ነጭ ባቄላ ማውጣት ጥቁር አለመኖሩን አያረጋግጥም።
6. «የላክሃቸው ስንት ናቸው? ያልደወሉትስ?»

ውድ ወላጆችና መምህራን፦ ልጆቹ የሞሉትን የ30 ቀን ሰንጠረዥ ውጤት ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን በደስታ እንቀበላለን። ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ቁጥሩና ሰፈሩ ይበቃናል። ብዙ ቆጠራ ወደ እውነት ይጠጋልና፣ የእናንተን ከሌሎቹ ጋር ደምረን ለሁላችሁም እንመልሳለን።

መልካም ጥናት።